«አፕ»፣ «ኦፍ»፣ «ኦን»፦ የካርድ ሥራ ማስታወሻ

ሳምንት 1፦ መሣሪያና ዝርዝር

ሥራው ይሄ ነው። አንኪ በሚባለው፣ ካርዶችን በየጊዜው እየመለሰ በሚያስከልሰው ፕሮግራም ላይ፣ የእንግሊዝኛ ፍሬዛል ቨርብና ፕሪፖዚሽን (መስተዋድድ) የሚያስጠና የካርድ ጥቅል መሥራት። ፍሬዛል ቨርብ የሚባለው እንደ «ጌት አፕ» ግሥና አጭር ቃል ተጣምረው አንድ ትርጉም ሲሰጡ ነው። ማንበብ አያስቸግረኝም። የሚያስቸግረኝ አፌን ስከፍት ነው። «ፖስትፖን» (ለሌላ ጊዜ ማስተላለፍ) ቶሎ ትመጣልኛለች። ያንኑ የምትለው «ፑት ኦፍ» ግን ከተፍ የምትለው ወሬው ካለፈ በኋላ ነው። ሰው በየዕለቱ የሚያወራው ደግሞ በሁለተኛዋ ነው። አንድ ጓደኛዬ አብሮኝ ያጠናል። ካርዶቹን እየሞከረ «ይሄ አይሠራም» የሚለኝ እሱ ነው።

የያዝኩት ይሄን ነው፦ አንኪ፣ ስፕሬድሺት፣ ለቋንቋ ተማሪዎች የተዘጋጀ የኦንላይን መዝገበ ቃላት፣ የስልክ ድምፅ መቅጃ። አንኪ ኮምፒውተርና አንድሮይድ ላይ በነጻ ነው። የአይፎኑ ብቻ ይከፈልበታል። እስካሁን ኪሴን የነካው ነገር የለም፤ የሚያልቀው ሰዓት ነው። አንድ ደህና ካርድ መሥራት ካርዱን ከማጥናት በላይ ጊዜ ይፈጃል።

ፍሬዛል ቨርብ በሺዎች ስለሚቆጠር ሁሉንም ልያዝ የሚል ሰው የትም አይደርስም። ዲ ጋርድነርና ማርክ ዴቪስ በ2007 ባወጡት ጥናት 100 ሚሊዮን ቃላት ያለውን፣ የብሪቲሽ ናሽናል ኮርፐስ የሚባለውን የእንግሊዝኛ ጽሑፍና ንግግር ክምችት ፈትሸዋል። ቶሎ ቶሎ የሚመጡት 100 ፍሬዛል ቨርቦች ከጠቅላላው አጠቃቀም ከግማሽ በላይ ይሸፍናሉ። ይሄ ያበረታታል። ግን እያንዳንዱ በአማካይ ከ5 በላይ ትርጉም ተሸክሟል። በ2015 ደግሞ ሜሎዲ ጋርኒየርና ኖርበርት ሽሚት 150 መርጠው፣ ለእያንዳንዱ በብዛት የሚያገለግለውን ትርጉም ብቻ አስቀሩ። አማካዩ ወደ 2 ወረደ። እኔም የተነሳሁት ከዚያ ዝርዝር ነው።

ለሚሞክር ሰው አንድ ቴክኒካል ነገር። ከስፕሬድሺት ወደ አንኪ ስታስገባ ፋይሉን በኮማ የተለየ አታድርገው። የምሳሌ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ኮማ ካለ ግማሹ ሌላ ሳጥን ውስጥ ሊገባ ይችላል። በታብ የተለየ ይሁን። ኢንኮዲንጉም (ፊደል ፋይል ውስጥ የሚቀመጥበት አሠራር) ዩቲኤፍ 8 ካልሆነ ፊደሉ ሁሉ የጥያቄ ምልክት ይሆናል።

የመጀመሪያው አደራደር በግሥ ነው። «ጌት» ስር «ጌት አፕ»፣ «ጌት ኦቨር»፣ «ጌት ባይ»፣ «ጌት ስሩ» ተሰለፉ። ከፊት እንግሊዝኛው፣ ከጀርባ የአማርኛ ፍቺው። መዝገበ ቃላት የሚደረድረውም እንዲሁ ነው።

ሳምንት 2፦ የ«ጌት» ቤተሰብ

አልሠራም። ጓደኛዬን በቃል ጠየቅኩት።

«ጌት ባይ?»

«ተሻለው። አይ፣ ወረደ። ቆይ... ተግባባ?»

ሦስቱም የሌሎች የ«ጌት» ካርዶች መልሶች ናቸው። «ጌት ባይ» እንደምንም ኑሮን መግፋት ነው። «ተሻለው» የ«ጌት ኦቨር» ነው፣ «ወረደ» የ«ጌት ኦፍ»፣ «ተግባባ» የ«ጌት አሎንግ»። የሚመሳሰሉ ካርዶችን አንድ ቀን ላይ ካስገባሃቸው አንዱ ሌላውን ይበላዋል።

አንኪ ደጋግመህ የምትስተውን ካርድ «ሊች» ይለዋል፣ አልቅት ማለት ነው። ማስተካከያው ካልተነካ፣ ለምደኸው የነበረ ካርድ 8 ጊዜ ከጠፋብህ ምልክት ይለጥፍበታል። የ«ጌት» ቤተሰብ ወደዚያ እየተንደረደረ ነው። የእኔ ግምት፦ እነዚህ ውስጥ ግሡ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። «ጌት» ብቻውን ምንም አይነግርህም። ሥራውን የሚሠራው ጭራው ነው። ስለዚህ በግሥ መደርደር የቤቱን ቁልፎች ሁሉ አንድ ማንጠልጠያ ላይ አድርጎ በጨለማ እንደመፈለግ ነው። ጥቅሉን አፈረስኩት።

ሳምንት 3፦ በጭራ መደርደር

ስፕሬድሺቱን በጭራው ደረደርኩት። ጭራ የምለው «አፕ»፣ «አውት»፣ «ኦፍ»፣ «ኦን»፣ «ዳውን» የሚሉትን ነው። የሰዋስው ስማቸው ፓርቲክል ነው።

«አፕ» ስር የተሰበሰቡትን ሳያቸው ወደ ላይ የሚወጣ ነገር የለም። «ድሪንክ አፕ»፣ «ዩዝ አፕ»፣ «ሎክ አፕ»፣ «ክሊን አፕ»፣ «ቲር አፕ»። ጀርባቸው ላይ ጠጣ፣ ተጠቀመ፣ ቆለፈ፣ አጸዳ፣ ቀደደ ብዬ ጽፌ ነበር። ታዲያ «አፕ» የት ሄደች? ያለ እሷም «ድሪንክ» ጠጣ ነው።

ከዚያ አማርኛው መጣልኝ። ጭልጥ አድርጎ ጠጣ። ሙጥጥ አድርጎ ጨረሰ። ክርችም አድርጎ ቆለፈ። ጽድት አድርጎ አጸዳ። ብጭቅጭቅ አድርጎ ቀደደ። «አፕ» እዚህ ጋ የምትሠራው የእነዚህን ቃላት ሥራ ነው። ድርጊቱ ጫፍ ደረሰ፣ የተረፈ የለም ትላለች። እኛ ግሡን ከመጥራታችን በፊት እንላታለን፣ እነሱ ከጠሩት በኋላ። የካርዶቹን ጀርባ በሙሉ በዚህ ቀየርኩ። ጓደኛዬ «ድሪንክ አፕ» ላይ ሲደርስ ብርጭቆ የሚገለብጥ ሰው አስመስሎ ይመልሳል። ገብቶታል።

ከዚህ በኋላ ሥራው ጣመኝ። አማርኛ ለካ በእንዲህ ዓይነት ነገር የተሞላ ነው። ቁጭ አለ፣ «ሲት ዳውን»። ጋደም አለ፣ «ላይ ዳውን»። ረጋ አለ፣ «ካልም ዳውን»። ብቅ አለ፣ «ሾው አፕ»። ጎራ አለ፣ «ድሮፕ ኢን»። ሻማው ድርግም አለ፣ «ዌንት አውት»። «ብቅ» ለብቻዋ ምንም አታደርግም። «አለ» ለብቻዋ ሌላ ነገር ናት። ሲገጥሙ ነው ሰው ከበሩ ላይ የሚታየው። እንዲህ የሚያወራ ሰው ፍሬዛል ቨርብ ለኔ ባዕድ ነው ሊል አይችልም። ችግሩ ትምህርት ቤት በአንድ ቃል መተርጎም ማስለመዱ ነው።

ሌሎቹ ጭራዎችም መጠነኛ መስመር አላቸው። «ኦን» መቀጠል፦ «ካሪ ኦን»፣ «ኪፕ ኦን»፣ «ጎ ኦን»። «ኦፍ» መለየትና መራቅ፦ «ከት ኦፍ»፣ «ቴክ ኦፍ»፣ «ሴት ኦፍ»። «ዳውን» መቀነስ ወይም መርጋት፦ «ስሎው ዳውን»፣ «ሴትል ዳውን»፣ ወረቀት ላይ ሲሆን ደግሞ «ራይት ዳውን»። «አውት» ማለቅም ነው፣ መገለጥም ነው፦ «ራን አውት» አለቀ፣ «ፋይንድ አውት» ደረሰበት።

ግን መስመሩን ሕግ ማድረግ አይገባም። «ጊቭ አፕ» ተስፋ መቁረጥ ነው፣ «ስሮው አፕ» ማስመለስ ነው። ሙጥጥም ጭልጥም አያድናቸውም። «ፊል ኢን» እና «ፊል አውት» ተቃራኒ ይመስላሉ። ቅጽ ላይ ሲሆኑ ግን ሁለቱም መሙላት ናቸው። ከሁሉ የሚያስቀው «ዌንት ኦፍ» ነው። «ዘ ላይትስ ዌንት ኦፍ» መብራቱ ጠፋ። «ዚ አላርም ዌንት ኦፍ» ደወሉ ጮኸ። አንዱ ሞተ፣ አንዱ ነቃ። እንዲህ ያሉትን «አመለኛ» የሚል ታግ (መለያ ምልክት) ሰጥቼ ለየኋቸው። እያንዳንዳቸው የሚጠኑት በራሳቸው ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው።

ሳምንት 4፦ «ኢት» የት ትግባ?

ትርጉም እየተያዘ ነው። ዓረፍተ ነገር ሲሠራ ግን አዲስ ችግር መጣ። ጓደኛዬ «ተርን ኦፍ ኢት» ይላል። እንግሊዝኛ ይሄን አይቀበልም።

አንድ ካርድ በቅርብ እንየው። ርዕሱ «ተርን ኦፍ»፣ ማጥፋት። «ተርን ኦፍ ዘ ላይት» ይሆናል። «ተርን ዘ ላይት ኦፍ» ም ይሆናል። መብራቱን በ«ኢት» ከተካነው ግን አንድ መንገድ ብቻ ይቀራል፦ «ተርን ኢት ኦፍ»። ተውላጠ ስም ሁልጊዜ መሀል ይገባል። በተቃራኒው ስሙ ከረዘመ፣ ለምሳሌ «ትናንት ማታ ረስተህ የሄድከውን መብራት» የሚል ከሆነ፣ መሀል ማስገባት ያንቃል፤ መጨረሻ ላይ ይሄዳል።

«ሉክ አፍተር» ደግሞ በፍጹም አይከፈልም። «ሉክ አፍተር ሄር» እንጂ «ሉክ ሄር አፍተር» የሚባል ነገር የለም። ጥሩ መዝገበ ቃላት ይሄን በምልክት ያሳያል። ሁለት ራስ ያለው ቀስት ካየህ ቦታ መቀያየር ይቻላል ማለት ነው። እነዚያን ቀስቶች ለዘመናት እንደ ጌጥ ነበር የማልፋቸው።

የአንኪ ክሎዝ የሚባለው የካርድ ዓይነት እዚህ ጋ ጠቀመ። ዓረፍተ ነገሩ ይታያል፣ አንድ ቁራጭ ይደበቃል። መጀመሪያ ጭራውን ብቻ ደበቅኩ። ያ በጣም ቀላል ሆነ፤ ከአምስት ቃል አንዱን መገመት ነው። አሁን የምደብቀው ግሡን፣ «ኢት» ን እና ጭራውን አንድ ላይ ነው። ከላይ የአማርኛው ፍንጭ አለ፦ «ስልኩን አጥፋው»። መልሱ በሙሉ ከአፍ መውጣት አለበት። ለሚከፈሉት ሁሉ ቢያንስ አንድ ካርድ በተውላጠ ስም ሠራሁ። ያን የያዘ ሰው ሌላውን ያገኘዋል።

አንድ መለያ ዘዴም ማስታወሻው ላይ ጻፍኩ። «ሂ ራን አፕ ኤ ሂል» ኮረብታ ሮጦ ወጣ። «ሂ ራን አፕ ኤ ቢል» ዕዳ ቆለለ። መልካቸው አንድ ነው። ዕዳውን «ራን ኢት አፕ» ማለት ይቻላል፣ ኮረብታውን አይቻልም። የመጀመሪያው «አፕ» ተራ ፕሪፖዚሽን ስለሆነ ከኮረብታው አይለይም። የሁለተኛው የግሡ ጭራ ነው።

ሳምንት 6፦ የ«በ» ጣጣ

ባለፈው ሳምንት ካርድ አልጨመርኩም፤ ክለሳ ተከምሮ ነበር። አንኪ ካልተነካ በቀን 20 አዲስ ካርድ ያመጣል። የነገ ክለሳው አብሮ ስለሚመጣ ለእንዲህ ዓይነት ካርድ ይበዛል። ወደ 7 አወረድኩት።

አሁን ፕሪፖዚሽን። እዚህ ጋ አማርኛ አይረዳም፣ ያደናቅፋል። ጥፋቱ የ«በ» ነው። አንዷ «በ» ሁሉንም ትሠራለች። በቢላ ቆረጠ፣ «ዊዝ»። በአውቶቡስ መጣ፣ «ባይ»። በእግሩ መጣ፣ «ኦን»። በጋዜጣ አነበበ፣ «ኢን»። በቴሌቪዥን አየ፣ «ኦን»። በስህተት፣ «ባይ ሚስቴክ»፤ ሆን ብሎ ከሆነ ግን «ኦን ፐርፐስ»። ሰዓት ሲሆን «አት»፣ ወርና ዓመት ሲሆን «ኢን»። የሳምንቱ ቀን ሲመጣ ደግሞ አማርኛ ብዙ ጊዜ ምንም አያስገባም። «ሰኞ እንገናኝ» እንላለን፤ እንግሊዝኛው በተለምዶ «ኦን» ይጨምራል። «ኢን ዘ ሞርኒንግ» ነው፣ «አት ናይት» ነው። የሰኞ ጠዋት ከሆነ ግን ቀኑ ያሸንፋል፣ «ኦን መንደይ ሞርኒንግ»።

መጀመሪያ የሞከርኩት ደንብ የሚጠይቅ ካርድ ነው፦ «ለወር የትኛው?»። ደንቡን ሁለታችንም በቃል እንወጣዋለን። ስናወራ ግን እዚያው ነን። አጠፋኋቸው። አሁን የካርዱ ፊት የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ነው፣ ጀርባው ሙሉ እንግሊዝኛው። ጉዞው ከአማርኛ ተነስቶ መሆን አለበት፤ የምንሳሳተው እዚያ መታጠፊያ ላይ ነው።

ከጥንዶቹ የወደድኩት «ኦን ታይም» እና «ኢን ታይም» ነው። ባቡሩ በሰዓቱ ተነሳ ሲባል «ኦን ታይም»፤ የተቀጠረ ሰዓት አለ፣ ልክ በእሱ። ሐኪሙ ደረሰልን ሲባል «ኢን ታይም»፤ የተቀጠረ ሰዓት የለም፣ ሳይረፍድ ነው። «ደረሰልን» ውስጥ ያለችው «ልን» የ«ኢን» ን ሥራ ትሠራለች። ጀርባው ላይ «ጊዜው ሳያልፍ» ብሎ የሚያብራራ መስመር አልጻፍኩም። «ደረሰልን» ይበቃል።

ቀጥላ «ላይ» መጣች። ግድግዳ ላይ፣ «ኦን ዘ ዎል»፤ እዚህ እንስማማለን። ፎቶው ላይ ግን «ኢን ዘ ፎቶ» ነው። ሰማይ ላይ፣ «ኢን ዘ ስካይ»። ስብሰባ ላይ ነኝ፣ «ኢን ኤ ሚቲንግ»። ሥራ ላይ ነኝ፣ «አት ወርክ»። መንገድ ላይ ነኝ፣ «ኦን ማይ ዌይ»። ይቺን አስተውሎ መያዝ ያስፈልጋል። ለአንድ ሰው «ዩ አር ኢን ዘ ዌይ» ካልከው «ዞር በል፣ ዘጋኸኝ» ብለኸዋል።

መኪና ውስጥ «ኢን»፣ አውቶቡስ ውስጥ «ኦን»። ለዚህ የሚሠራ መለያ አለ። ውስጡ ቆመህ የምትራመድበት ከሆነ፣ እንደ አውቶቡስ፣ ባቡር፣ አውሮፕላን፣ መርከብ፣ «ኦን» ነው። ጎንበስ ብለህ ገብተህ የምትቀመጥበት ከሆነ «ኢን» ነው። አወራረዱም ይከተላል፦ «ጌት ኦፍ ዘ በስ»፣ «ጌት አውት ኦቭ ዘ ካር»። ብስክሌትና ፈረስ ላይ ከላይ ስለምትቀመጥ «ኦን» ናቸው።

ሳምንት 7፦ ትርፍና ጎደሎ

አጭር ሳምንት። ሁለት ክምር ሠራሁ።

ትርፍ የምንጨምርባቸው፦ ስለ ጉዳዩ ተወያየን ብለን «ዲስከስ አባውት»፣ ወደ ክፍሉ ገባ ብለን «ኢንተር ቱ»፣ ከእሷ ጋር ተጋባ ብለን «ሜሪድ ዊዝ»፣ ደወልኩለት ብለን «ኮልድ ቱ ሂም»። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱና የመጨረሻው ምንም አይፈልጉም። ጋብቻው «ሜሪ» ሲሆን ምንም የለውም፣ «ቢ ሜሪድ» ሲሆን ግን «ቱ» ነው።

የምናጎድልባቸው፦ ጠበቅኩት፣ አዳመጥኩት፣ ፈለግኩት። አማርኛው በቀጥታ «ት» ይለጥፋል፤ እንግሊዝኛው «ዌይት ፎር»፣ «ሊስን ቱ»፣ «ሉክ ፎር» ይላል። ጥያቄ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። «ማንን ነው የምትጠብቀው?» ሲባል «ፎር» መጨረሻ ላይ ተንጠልጥላ ትቀራለች፦ «ሁ አር ዩ ዌይቲንግ ፎር?»። ጓደኛዬ ሁልጊዜ ይጥላታል። ለእነዚህ ሁሉ አንድ አንድ የጥያቄ ካርድ ጨመርኩ። «አስረዳኝ» ም እዚሁ ገባች። «ኤክስፕሌይን ሚ» አይደለም፣ «ኤክስፕሌይን ኢት ቱ ሚ» ነው።

ሳምንት 8፦ ድምፅ

ካርዱን በጽሑፍ የሚመልስ ሰው ሲሰማ አይለየውም። በስልክ እየቀዳሁ ድምፅ ማስገባት ጀመርኩ። እየቀዳሁ ሳለ የአነጋገሩ ኃይል ትኩረት ፈለገ። «ተርን ኢት ኦፍ» ሲባል ድምፁ «ኦፍ» ላይ ይጠነክራል። «ሉክ አት ኢት» ሲባል «አት» ትዋጣለች፣ ኃይሉ «ሉክ» ላይ ነው። ጭራ ይሰማል፣ ፕሪፖዚሽን ይደበቃል። ስም ሲሆን ደግሞ ይገለበጣል። መኪናው ተበላሸ፣ «ብሮክ ዳውን»፣ ኃይሉ ኋላ። ብልሽቱ ራሱ፣ «ብሬክዳውን»፣ ኃይሉ ፊት፣ አጻጻፉም አንድ ቃል። «ሎግ ኢን» እና «ሎጊን» ም እንደዚያው ናቸው።

የእኔን ድምፅ ማዳመጥ ያስጠላል። ስለዚህ የተወሰኑትን በአንኪ የጽሑፍ ማንበቢያ ተካሁ። ፍጥነቱ ደህና ነው። የኃይሉ ቦታ ግን አንዳንዴ ስለሚዛነፍ የጭራ ካርዶቹን በራሴ ቅጂ ተውኳቸው።

አንድ ታግም ተጨመረ፦ «መደበኛ»። «ሉክ ኢንቱ» ስር «ኢንቨስቲጌት»፣ «ፑት ኦፍ» ስር «ፖስትፖን»። ለወግ የመጀመሪያዎቹ፣ ለማመልከቻና ለሪፖርት ሁለተኛዎቹ ያመቻሉ። ግን ፍሬዛል ቨርብ ሁሉ የወሬ ነው የሚለው የተጋነነ ይመስለኛል። «ካሪ አውት» ጥናታዊ ጽሑፍ ውስጥ እንደ ልብ ነው።

ሳምንት 9፦ የቀረ

«አመለኛ» የሚለው ታግ ከሁሉ ቀድሞ መታወሱ ገረመኝ። «ዌንት ኦፍ» አንድም ጊዜ አልተሳተችም። የሚሳተው ደርዝ ያለው፣ የሚመሳሰለው ነው። «ጌት» ዎቹን በየጭራቸው በትኜ በተለያየ ሳምንት ስለምለቃቸው እርስ በርስ አልተጋጩም። «ጌት ባይ» አሁንም ያንገራግራል። ዓረፍተ ነገሩን ቀየርኩት፦ «ደሞዙ ትንሽ ነው፣ ግን ይገፋል»።

የሚቀጥለው ሦስት ቃል ያላቸው ናቸው። «ፑት አፕ ዊዝ» መቻል፣ «ራን አውት ኦቭ» ማለቅ፣ «ካም አፕ ዊዝ» ማፍለቅ። እነዚህ እንደማይከፈሉ ስላወቅኩ ሥራቸው ይቀላል። ያልጨረስኩት «ሉክ ፎርዋርድ ቱ» ነው። መጨረሻው ላይ ያለችው «ቱ» ፕሪፖዚሽን ስለሆነች ቀጥሎ የሚመጣው «ሲንግ ዩ» ነው፣ «ሲ ዩ» አይደለም። ጓደኛዬ ኢሜይሉን ሁሉ የሚዘጋው በዚያ በተሳሳተው ነው። የካርዱ ፊት «ለመገናኘት ያብቃን» እንዲሆን ፈልጌ ነበር። እሱ «ይሄማ የቀብር ይመስላል» አለኝ። «እስክንገናኝ ቸኩያለሁ» አልኩት፣ እሱንም አልወደደውም። ፊቱ ለጊዜው ባዶ ነው።